በክንዴ ሥር ያላለፈው ሰው

ቶኪዮ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2002

ለተከበሩት የእናቴ ወንድም፣ ለዝሆኑ ጎምቦ፤

ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ከብቱ ሳይከሳ ከረመ? ፈረሱ፣ በጉ፣ ያቺ አመለኛዋ ግመል ሁሉም ደህና ናቸው? የአክስቴ የዶልጎር ወገብስ ተሻላቸው? እኔ በሰማይ ጥበቃ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

የላካችሁልኝ የደረቀ እርጎ ደርሷል። አብረውኝ የሚኖሩት የሱሞ ታጋዮች «ይሄማ ድንጋይ ነው» ብለው ሳቁብኝ። አንዱ ደፍሮ ነክሶ መንጋጋውን ይዞ ሲጮህ እኔም በተራዬ ሳቅኩበት። ካለ ይጨምሩልኝ።

ታኪኖኡራን ጣልኩት፣ አጎቴ! አዎ፣ እሱኑ። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ቋንቋው አላስወራ ብሎኝ ጥግ ለጥግ ስሸሽ፣ ከሌላ የታጋዮች ቤት ሆኖ ሳለ በገጠር የትግል ትርኢት ላይ ጠርቶ ደረቱን ያበደረኝ ሰው ነው። ደረት ማበደር የሚሉት ታላቁ ቆሞ ታናሹ እስኪደክመው ድረስ እንዲገፋው መፍቀድ ነው። ያን ቀን ገፍቼ ገፍቼ መሬት ላይ ስዘረር ውሃ የሰጠኝም እሱ ነው። ታዲያ እዚህ አንድ ወግ አለ፤ ደረቱን ያበደረህን ሰው አንድ ቀን በውድድር ከጣልከው ውለታውን መለስክለት ይባላል። ስለዚህ ሲወድቅ ሳየው ደስታዬ ልክ አጣ። መለስኩ አልኩ።

እና ሳላስበው ክንዴን አነሳሁ። እርስዎ ሜዳ ላይ እንዳስተማሩኝ፣ የተሸነፈው በክብር ከሥሩ እንዲያልፍ፣ በመሃላችን ቂም እንዳይቀር ብዬ አነሳሁ። አንስቼም ቆምኩ። እሱ ግን አላለፈም።

እዚህ አሸናፊ ፊቱን ሳይፈታ፣ እጅ ነስቶ ይወርዳል እንጂ እንዲህ አያደርግም። ወጉ ይህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የለመደ ክንድ ወግ አይጠይቅም። በማግስቱ ጋዜጣው ሁሉ ያቺኑ ፎቶ ይዞ ወጣ። «አውሬ ከሜዳ መጣ» ያለም አለ። ቴሌቪዥን ላይ ዕድሜ ልኩን ከወንበሩ በቀር ምንም ገፍቶ የማያውቅ ሰው ተቀምጦ ስለ ክብር ያስተምረኛል። ሄዶ ታኪኖኡራ ፊት ጎንበስ ይበል፣ ካሜራ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ ይላሉ። የቤታችን አለቃ ግን «ለሺህ ሰው የሚሰጥ መልስ የለም፣ አፍህን ዝጋ» ብለውኛል።

እርስዎስ ምን ይላሉ? ልሂድ ወይስ ልቅር? ያሉኝን አደርጋለሁ። ፎቶውን ከጋዜጣው ላይ ቆርጬ ልኬልዎታለሁ።

ሳሩ ይለምልምላችሁ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ።

የእህትዎ ልጅ፣ ኦርጊል


ጻጋን ኡል፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2002

የእህቴ ልጅ፣ የቤቴ መኩሪያ ኦርጊል፤

እንኳን ለነጩ ወር፣ ለአዲስ ዓመታችን በዓል አደረሰህ! ከብቱ እንደ ምንም ነው፤ በረዶው ጠንክሮ አስር በጎች አልቀውብናል፣ የቀሩት ግን ይተርፋሉ። ግመሏ ትናንት የጎረቤት ኮፍያ በልታለች። የአክስትህ ወገብ እንደ ፖለቲከኛ ነው፣ ዛሬ ይሻለኛል ይላል፣ ነገ ይዋሻል።

ኧረ ምን ያለ ፎቶ ነው የላክኸው አንተ! በዓሉ የደመቀው በእሱ ነው። አክስትህ እያየችው እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። «ክርኑን እይው፣ አልታጠፈም፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» እላታለሁ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳሳይ ጠርዙ ስላረጀብኝ ለወረዳው ባህል ቤት ሰጠሁት። አሁን መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ያ ምቀኛው ባልዳን እንኳ፣ ጥንት ሜዳ ላይ ሦስቴ የጣልኩት ባልዳን፣ «ሆዱ ተለቅ ብሏል» ከማለት በቀር ነውር አላገኘበትም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ይቅርታ? ስለ ምኑ? አክብረህ ክንድህን አነሳህ፣ እሱ አኮረፈ። ተሸንፎ ያኮረፈ በኩርፊያው ይክረም! ውሾቹም ይጮሃሉ ግመሉም ይሄዳል። ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዛሬ ጎንበስ ካልክላቸው ነገ ተኛ ይሉሃል። አለቃህ ዝም በል ማለቱንም አልወደድኩለትም። ዝም ያለውን በግ ነው ቀድመው የሚያርዱት። ከጠየቁህ ቀና ብለህ «በአገራችን የተሸነፈ በአሸናፊ ክንድ ሥር ያልፋል፣ ያላለፈው እሱ ነው» በላቸው። አለቀ! እኔ ዝሆን የሚለውን የትግል ማዕረግ ያገኘሁት አንገቴን ደፍቼ አይደለም።

አክስትህ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። ሰውየው ፎቶው ላይ ለምን መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ያን የሚያህል ታጋይ ወድቆ ቶሎ አይነሳም ወይ ትላለች። እኔ እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር። መልስላት።

እርጎ ልከንልሃል። አንተ ደግሞ ሌላ ፎቶ ላክልን፣ ትልቁን፣ ባለቀለሙን።

ሰማይ ከጀርባህ አይለይ።

አጎትህ ጎምቦ


ኦሳካ፣ ማርች 15 ቀን 2002

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደህና ናችሁ? ከብቱ ደህና ነው? ለውድድሩ ኦሳካ ወርደናል፣ ያደርነው እንደ ልማዳችን ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነው። ደብዳቤዎ እየተከታተለ እዚህ ደረሰኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ልምምድ ጨርሼ ስወጣ የአንድ መጽሔት ጋዜጠኛ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ ወይስ አትጠይቅም? ሕዝቡ እየጠበቀ ነው» አለኝ። አለቃዬ ከኋላዬ ነበሩ፣ ሲያስሉ ሰማሁ። እኔም የእርስዎን ቃል አንድም ሳላጎድል ተናገርኩ። ጋዜጠኛው ሲጽፍ እጁ ሲፋጠን ሳይ ነው የደነገጥኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በማግስቱ «ያላለፈው እሱ ነው» የሚል ርዕስ በትልልቁ ወጣ፣ የቀረው ነገሬ አልወጣም። አለቃዬ መጽሔቱን አንብበው አጠፉትና ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ለጠየቁት፦ ያልተነሳው መነሳት ስላልቻለ ነው። ሲወድቅ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል። እኔ ክንዴን አንስቼ እስኪያልፍ ስጠብቅ እሱ እግሩን ይዞ ነበር። ሕዝቡ ሲጮህ ለእኔ እልል የሚል መስሎኝ ቀና ብዬ ቆየሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ በቴሌቪዥን ሲደጋግሙት ግን ማለቂያ የለውም። ይኸው እስከ ዛሬ ሆስፒታል ነው።

ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤ አልጻፍኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም ልል ነበር፣ ግን አውቃለሁ። እርስዎ ፎቶውን በደስታ እንዲያዩት ፈልጌ ነው።

ሌላ ፎቶ አልላክሁም። የሚወጣው ሁሉ ያው አንዱ ነው።

ኦርጊል


ጻጋን ኡል፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2002

ኦርጊል!

ስለ ከብት አትጠይቀኝ፣ እኔም ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ሂድ! ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ ጫማህን አድርግና ሂድ!

ወይ ጉድ! ጉልበቱ ተበጥሶ ነው እንዴ እኔ ኩርፊያ ነው ብዬ ለመንደር ስፎክር የከረምኩት? አንተስ ምን ነካህ? የወደቀው ከተጎዳ ክንድህን ታወርዳለህ፣ ሁለት እጅህን ከብብቱ ሥር አስገብተህ ታነሳዋለህ፣ ጀርባውን ከአቧራ ታራግፍለታለህ፣ ካልቻለ ተሸክመህ ታወጣዋለህ። ይህን አላስተማርኩህም? ቁጭ ብዬ ሳስበው ክንዱን ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩህ አስታውሳለሁ። ይኸኛውን ማስተማሬን ግን ላስታውስ ብል አልመጣልኝም። አክስትህ «አንተ መቼ ተሸናፊ ዞረህ አይተህ ታውቃለህ» ብላኝ ወጣች። ከወጣች ቆየች።

ጋዜጦቹ ሂድ ስላሉህ እምቢ ብለህ ከሆነ ሞኝ ነህ፤ ያሞኘሁህም እኔ ነኝ። ውሸታም ሰው ፀሐይ ወጣች ቢል አንተ ጨለመ ልትል ነው? ለእነሱ ብለህ አትሂድ፣ ለእነሱ ብለህም አትቅር። ያን ዓረፍተ ነገር ከእኔ እንደሰማኸው ንገረው። «አንድ የማያውቅ ሽማግሌ ነው ያስባለኝ» በለው። እኔን ስደብ፣ ምንም አይደል።

ኤፕሪል 30፦ ይህ ደብዳቤ እስካሁን አልሄደም። በጻፍኩ ማግስት የመጣው ማዕበል መተላለፊያውን ዘጋው፣ የስልኩ ምሰሶም ወደቀ። የፖስታው መኪና ከማዶ ቆሟል። በፈረስ ልሻገር ሞክሬ ፈረሱ እስከ ደረቱ በረዶ ውስጥ ሰጠመብኝ፣ ባልዳን ነው በገመድ ያወጣን። «ዝሆኑ ወደቀ» ብሎ ሳይስቅ መቅረቱ ይገርምሃል። ምን ይዤ እንደነበር ስነግረው ፈረሱን እየሳበ እስከ ቤቴ ሸኘኝ።

እስከዚያ በራስህ ሄደህ እንደሆነ ምንኛ ደስ ባለኝ።

አጎትህ


ቶኪዮ፣ ሜይ 8 ቀን 2002

ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ ደብዳቤ ከመጣ ሰነበተ። ተቆጥተውኝ ይሆናል፣ አልፈርድብዎትም።

ታኪኖኡራ ትግል አቆመ። ጉልበቱ እንደማይመለስ ሐኪሞቹ ነግረውታል። መግለጫውን ከቤታችን ታጋዮች ጋር ምሳ ላይ ሆነን በቴሌቪዥን አየነው። አንዱ ጋዜጠኛ ስለ እኔ ጠየቀው። ሁሉም ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱ ትንሽ አሰበና «መልካም ትግል ነበር» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ሳህኔን አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

አሁን መድረክ ላይ ስወጣ ሕዝቡ ዝም ይላል። ስድቡ ይሻል ነበር።

የደረቀ እርጎ አይላኩ፤ የሚበላልኝ የለም።

ኦርጊል


ቶኪዮ፣ ጁን 3 ቀን 2002

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሁለቱንም ቀን አየሁት። ፈረሱ ተረፈ? እርስዎስ እግርዎን በረዶ አልጎዳዎትም? ለባልዳን ምስጋናዬን ይንገሩልኝ።

ሂድ ይላሉ። ወዴት ልሂድ? ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ተወለደባት ደሴት ገብቷል። እንጂ ሆስፒታሉማ ከቤታችን በባቡር ጥቂት ፌርማታ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ ሄጄ ነበር። ውድድሩ ባለቀ ማግስት፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ልጽፍልዎ አንድ ቀን ሲቀረኝ። ማንም ሂድ ስላለኝ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰጠኝ ውሃ ትዝ እያለኝ ስላደርኩ ነው። እዚህ በሽተኛ ሲጠይቁ ሜሎን የሚሉት ፍሬ ይወሰዳል። ከሐብሐብ ያንሳል፣ ሽታው ግን ቤት ይሞላል፣ በእንጨት ሳጥን ይሸጣል። እሱን ገዝቼ፣ ደህናውን ልብሴን ለብሼ፣ የምለውን በልቤ እያጠናሁ ሄድኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ካሜራ የያዙ ሰዎች ቆመው ሲጋራ ያጨሳሉ። አላዩኝም። ቆሜ አሰብኩ። አሁን ብገባ ነገ «በመጨረሻ ተንበረከከ» ብለው ይጽፋሉ አልኩ። ይቅርታዬ የእነሱ ድል ይሆናል አልኩ። ዞሬ ተመለስኩ። ሜሎኑን ከቤቱ ልጆች ጋር ቆርሰን በላነው፣ ጣዕሙን አላስታውሰውም። ከዚያ ነው ቁጭ ብዬ «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብዬ የጻፍኩልዎ። ከበሩ ተመልሼ ነው የጠየቅኩዎ። «ቅር» እንዲሉኝ ፈልጌ ስለነበር ጉልበቱን ደበቅኩ። ስለዚህ እኔ ነኝ ያሞኘሁህ ያሉትን ይተዉት፣ አጎቴ። እኔው ራሴ ነኝ የተሞኘሁት።

ይህን ትናንት ለአለቃችን ሚስት ብነግራቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ታዲያ ሆስፒታሉ የጓሮ በር የለውም ኖሯል?» አሉኝ። አለቃዬም ሰምተው መጡ። «ለሺህ ሰው መልስ የለም አልኩህ እንጂ ለአንዱ የለም መቼ አልኩህ?» አሉኝ። እነዚያ ሰዎች የሚሉኝን ላለማድረግ ብዬ፣ ራሴ ላደርገው የወጣሁበትን ነገር ተውኩት።

ለታኪኖኡራ ደብዳቤ እየጀመርኩ እቀድደዋለሁ። በምን ልጀምር? «እንደምን ሰነበቱ» ልበል?

ካለ ትንሽ እርጎ ይላኩልኝ። አፌ አገሬን ይፈልጋል።

ኦርጊል


ጻጋን ኡል፣ ጁላይ 20 ቀን 2002

ልጄ ኦርጊል፤

ሳሩ ደህና ነው፣ የተረፉት በጎች ጠግበዋል፣ ፈረሱም ከእኔ ቀድሞ አገገመ። የበጋው ጨዋታ ባለፈው ሳምንት ነበር። እንደ ወትሮው የታጋዮቹን ማዕረግ አዋጅ ነጋሪና ሲገጥሙ ኮፍያቸውን ያዥ እኔ ነበርኩ፣ እንደ ወትሮው ግን አልጮህኩም። ሰዉ «ጎምቦን ጉንፋን ይዞታል» አለ።

ፎቶውን አወረድኩት። የባህል ቤቱ ኃላፊ «የወረዳችን ኩራት ነው፣ አይወርድም» ብላ ቁልፉን ልትደብቅብኝ ነበር። «ሰቃዩም እኔ ነኝ፣ አውራጁም እኔ ነኝ፣ ወንበር አምጪ» አልኳት። ቤት አምጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን አየሁት። ስንት ወር ስመለከት የከረምኩት ያንተን ክርን ነው። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን አንተ ላይ ነው። የተናደደ ሰው ዓይን አይደለም። ምን ልበልህ፣ ልጅ ሲያጠፋ የሚያይ ሰው ዓይን ነው። አክስትህ ይህን በነጩ ወር አይታው ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። አንተ እኔን ነጻ ልታወጣ ትሞክራለህ። ተው። ጉልበቱን ባትነግረኝም አንተ ጠየቅከኝ፣ እኔ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ መፎከር ቀለለኝ። ስድብ ሲመጣባቸው ልጆቻቸውን «መልስለት» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ተሳዳቢው ሩቅ ነው፣ ዱላው የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። አንዱ እኔ ነኝ።

እንደምን ሰነበቱ ብለህ ጀምር። ሌላ መጀመሪያ የለም።

እርጎው ከዚህ ጋር አለ፤ ለስላሳውን መርጬልሃለሁ። ከአንተ የምፈልገው ወሬ ብቻ ነው።

አጎትህ ጎምቦ


ቶኪዮ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2002

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሁላችሁም በጤና ከረማችሁ? ከብቱ ለክረምቱ ሰፈር ተዛወረ? እኔ ደህና ነኝ። ወሬ ብለውኛል፣ ይኸው ወሬ።

ደብዳቤውን እንዳሉኝ በእንደምን ሰነበቱ ጀምሬ ላክሁ። መልስ አልመጣም። በሴፕቴምበር መጨረሻ ግን በብሩሽ የተጻፈ ግብዣ መጣ፣ የታኪኖኡራ የራሱ እጅ ነው። ቁንጮውን ሊቆረጥ ነው። አንድ ታጋይ ሲሰናበት መድረኩ መሃል ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ያሳደጉት፣ የረዱት፣ የተጋጠሙት ሰዎች አንድ በአንድ ከኋላው እየቆሙ በወርቅ በተለበጠ መቀስ ከቁንጮው ጥቂት ጥቂት ይቆርጡለታል። የመጨረሻውን አለቃው ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ነው። የሚጠላውን ሰው ማንም ለዚያ አይጠራም። አለቃዬ ግብዣውን አይተው «ልብስህን አስተኩስ» አሉኝ።

ትናንት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ስሜን ሲጠሩ ያ የማውቀው ዝምታ መጣ። መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ መቀሱን ተቀበልኩ፣ ከኋላው ቆምኩ። የተቀመጠው ሰው ዞሮ ማየት የለበትም፣ ፊት ለፊቱን እንዳየ ነው የሚቆየው። ጎንበስ አልኩና በጆሮው «ጌታዬ፣ ክንዴን ያነሳሁት ለክብርዎ ነበር። መውደቅዎን አየሁ፣ መጎዳትዎን አላየሁም። ካወቅሁ በኋላም አልመጣሁም። ይቅር ይበሉኝ» አልኩት። አጥንቼው ነበር፣ ግን ጃፓንኛዬ ተንተባተበ።

ትከሻው አልተነቃነቀም። ፊቱን ሳያዞር፣ ከንፈሩንም ብዙ ሳያንቀሳቅስ መለሰልኝ።

«መጥተህ ነበር እንጂ» አለኝ። «የክፍሌ መስኮት በሩን ነበር የሚያየው። ሳጥኑን ይዘህ ስትቆም አይቼሃለሁ። ሜሎን እንደሆነ አውቄ ነርሷን ቢላዋ አምጪልኝ አልኳት።»

መቀሱን ሳልዘጋ ያዝኩት። ዳኛው ቀስ ብሎ ክርኔን ነካኝ፣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ።

«ስትመለስ አየሁህ። ነገ ይመጣል ብዬ ቢላዋውን አላስመለስኩም። እስክወጣ ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር» አለኝ። ከዚያ «በል ቁረጥ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ።

ቆረጥኩ። እጅ ነስቼ ወረድኩ። ውጭ ጋዜጠኞቹ ከበቡኝ። «ምን አልከው? ይቅርታ ጠየቅከው? እሱስ ምን አለህ?» ይላሉ፣ ማይክሮፎኑን አፌ ውስጥ ሊጨምሩት ደርሰዋል። ምንም አልመለስኩላቸውም። ዛሬ ጠዋት አንዱ ጋዜጣ «አሁንም ኩራቱ አልበረደም» ብሎ ጽፏል። ይጻፍ። እኔ የማስበው ቢላዋውን ነው።

በፌብሩዋሪ ለነጩ ወር ፈቃድ ሰጥተውኛል። ልምጣ?

ኦርጊል


ጻጋን ኡል፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2002

ልጄ፣ የእህቴ ልጅ ኦርጊል፤

ልምጣ ወይ ብሎ ነገር! የቤትህ በር መቼ ተዘጋና ነው የምታስፈቅደኝ?

ደብዳቤህን አክስትህ ጮክ ብለህ አንብብልኝ አለችኝ። ቢላዋው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠኋት፣ እሷ ጨረሰችው። በረዶው ዘጋብን ብዬ ሰማዩን ስረግም ነበር የከረምኩት። ለካ በረዶው ሳይጥል፣ እኔ ቃል ሳልተነፍስ፣ ያ ሰው በመስኮቱ ሆኖ ይጠብቅህ ነበር። የምረግመው እንኳ አጣሁ።

ለነጩ ወር ስትመጣ ለሰላምታ እንደ ወጉ ታናሽ ክንዱን ከታች አድርጎ የታላቁን ክንድ ይደግፋል፣ አንተም ልትደግፈኝ እጅህን ትዘረጋለህ። ቆይ እልሃለሁ። መጀመሪያ ያን ክንድህን እንደዚያ ቀን አንሳልኝ። በሥሩ የማልፈው እኔ ነኝ። ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየ፣ ባልዳንም እየሳቀ አልፋለሁ። በዚህ ነገር የተሸነፍኩት እኔ ነኝና ወጉ ይድረሰኝ። ብቻ ክንድህን ዝቅ አድርገህ ያዝልኝ፣ ወገቤ እንደ አክስትህ ሆኗል።

ፎቶ አታምጣ። ያን ሜሎን የሚሉትን ፍሬ፣ ከእነ ሳጥኑ፣ አንድ ይዘህልን ና። ቢላዋ እኛ ቤት አለ።

አጎትህ ጎምቦ